በካባችን ውስጥ የነበረችው ኮብራ

ጎረቤታችን እትዬ መዲና ከጓሮዋ ቆፍራ ባወጣችው ጋን ውስጥ ቁርአናችን ነበር፤ የአባቴ አረንጓዴ የመሬት ደብተር ነበር፤ የእኔ የክትባት ካርድ ሳይቀር ነበር። ከሁሉም በታች የሰባተኛ ክፍል ደብተሬ ተኝቷል፤ ሽፋኑ ሰማያዊ፣ ጠርዙ በአፈር የቀላ። ጦርነቱ ወደ ውጫሌ ሲጠጋ እኛ በሩን እንኳ ሳንዘጋ ነቅለን ሸሽተን ነበር። እሷ ቀርታ፣ ባዶ ቤታችን ገብታ፣ ፊደል ያለበትን ወረቀት ሁሉ ሰብስባ ቀበረችልን። ማንበብ ስለማትችል ይኼ ይጠቅማል ያኛው አይጠቅምም ብላ አልመረጠችም። ያ ደብተር አሁንም ፊቴ ነው ያለው። የመጨረሻው መስመር «ትተፋለች። በዓይኔ አይቻለሁ።» ይላል።

ይህን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ምነው እጄን በቆረጠው!

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ ከሚወስደው አስፋልት ወረድ ብሎ፣ የአምባሰል ተራራ ከኋላው ቆሞ ነበር። የማወራችሁ ለውጥ መጣ የተባለበትን ዓመት ነው። የእኔ እድሜ ልጆች ታስታውሱታላችሁ፤ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ያወራል፣ ሚኒባሱ ላይ ባንዲራ ይውለበለባል፣ ትልልቆቹ ከሶላት ሲወጡ መስጊዱ ደጃፍ ቆመው «አሁንስ አገር ሊሆን ነው» ይባባላሉ። እኛም ሁሉ ነገር በአንዴ የሚቀየር መስሎን ነበር። የሳይንስ መምህራችን እንኳ የያዙትን ማስታወሻ ጠረጴዛው ላይ ወርውረው «ከእንግዲህ መሸምደድ ቀርቷል። ከአካባቢያችሁ አንድ እንስሳ ምረጡና መልኩን፣ አመሉን፣ ከእንቁላል እስከ እርጅና ኑሮውን ዓመቱን ሙሉ አይታችሁ ጻፉ። በዓይናችሁ ያላያችሁትን እንዳትጽፉ!» አሉን።

የሐይቅ ዳር ልጆች ዓሣ ያዙ። የቀረው አህያና ዶሮ ተሻማ። እኔ ግን ከሁሉም ልብለጥ አልኩና ኮብራ ያዝኩ።

ያገኘኋት በካባችን ውስጥ ነው፤ በእኛና በእትዬ መዲና ግቢ መካከል ያለው፣ ላዩን ቁልቋል የወረሰው የድንጋይ ካብ። መጀመሪያ ያየሁት ገፍፋ የጣለችውን ቆዳ ነበር፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ የዓይኗ ክዳን ሳይቀር የወጣበት። ለክቼው ሦስት ክንድ ሆነ። ከሳምንት በኋላ እሷን ራሷን አየሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ካቡን ሲያሞቀው፣ ጠፍጣፋዋ ድንጋይ ላይ ትዘረጋለች። ላይዋ ዝናብ የመታው አስፋልት ይመስል ጥቁር ነው። ስትቆጣ ግን ከመሬት ተነስታ ትቆማለች፣ አንገቷ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሰፋል፣ ያኔ ጉሮሮዋ ስር ቀላ ያለው ቆዳ ይታያል፤ በመሃሉ ጥቁር መቀነት አለ። ውብ ነበረች፤ አሁንም ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል፣ ውብ ነበረች።

ልማዷን ሁሉ አጠናሁ። ዝናብ ሲዘንብ ቦዩ ውስጥ እንቁራሪት ታድናለች። ክረምት እህል ሲጎድል አይጥ ፍለጋ እስከ ጎተራው ድረስ ትመጣለች፤ ዶሮ ካቡ ውስጥ ከጣለች ደግሞ እንቁላሉን እሷ ናት የምትቀድመን። ከበረቱ ኋላ ከበሰበሰው የገለባ ክምር ውስጥ አሥራ አንድ እንቁላል ጣለች፤ ነጭ፣ ቅርፊታቸው እንደ ቆዳ ልፍስፍስ ያለ። ጥላቸው ሄደች፤ ዘወር ብላም አላየቻቸው። የሚያሞቃቸው ገለባው ራሱ ነበር። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ እንደ እርሳስ የቀጠኑ ልጆቿ ቅርፊቱን ቀደው ወጡ፤ ከዚያው ሰዓት ጀምሮ አንገታቸውን እንደ እናታቸው ያቆሙ ነበር። የአብዛኞቹን መጨረሻም ጻፍኩ፤ ጭልፊት፣ ድመት፣ የራሳቸው ወገን እባብ ሳይቀር በላቸው።

ይህን ሁሉ ለማንም አልተነፈስኩም። እኛ አገር እባብ ታየ ከተባለ ዱላ የያዘ ሁሉ ይወጣል፤ ከዚያ ደብተሬም ማዕረጌም አበቃለት። እናቴ ጎረቤት ሲኮራረፍ ባየች ቁጥር «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ትል ነበር። እኔ ሞኟ ስለ እኔና ስለ እባቧ የተባለ አስመስዬ በልቤ እስቅ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። መምህራችን ደብተሬን አይተው በጣም ተደሰቱ፤ ክፍሉ ሁሉ እያየኝ አነበቡት። ከዚያ «ይህች ዓይነቷ ዓይን ላይ ትተፋለች ይባላል። ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብ ነው፣ ውሃ ከሌለ በወተት፤ ከዚያ ወደ ሐኪም መሮጥ። ስትተፋ አይተሻል?» አሉኝ። አላየሁም አልኩ። «እንግዲያው አትጻፊው፤ ቦታውን ክፍት ተዪው።» ክፍት ተውኩት። ያ ክፍት መስመር ግን ሆዴ ውስጥ ገባ።

አሁን ስለ ሰዓዳ ልንገራችሁ። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ በስድስት ዓመት ብቻ ስለምትበልጠኝ በስሟ ነበር የምጠራት። ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ ስጠፋ ዋሽታ የምታድነኝ እሷ፣ ስተኛ እግሬን የምታለብሰኝ እሷ ነበረች። ዓይኖቿ ትልልቅ ነበሩ፤ ሰርግ ላይ ወጣቶቹ በግጥም የሚነካኩት እነሱን ነው። በዚያ ዓመት ፓስፖርቷ ወጥቶ ወደ ጅዳ ልትሄድ የቀራት የሐኪም ምርመራና ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር።

እንደ አገሩ ወግ ቤት ለቤት እየዞረች አፉ ማባባል ጀምራለች። ሩቅ የሚሄድ ሰው «አፉ በሉኝ» ይላል፤ የበደልኳችሁ ካለ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። የተጠየቀውም «አፉ ብያለሁ፣ አንቺም አፉ በይኝ» ይላል እንጂ ምን በድለሽኝ ነው ብሎ አይጠይቅም። ነገሩ በሆነበት ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ መዲና ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። እትዬ መዲና ሸክላ ሠሪ ናት፤ ባሏ ሞቶ ብቻዋን የምትኖር፣ እጇ ከጭቃ ወጥቶ የማያውቅ፣ ሳቂታ ሴት። ሰዓዳ አፉ በይኝ ስትላት ቀና ብላ አየቻትና «አፉ ብያለሁ የኔ ሆድ፣ አንቺም አፉ በይኝ። ወይ ዓይን! ማሻአላህ፣ ማሻአላህ! ይኼን ዓይን የአረብ አገር አቧራ አይንካብኝ» አለች። እኔ ከጎኗ ቆሜ በሁለቱም ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አመሻሹ ላይ ደብተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ካቡ ጫፍ ተቀምጬ ነበር። እባቧ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ከታችኛው ቀዳዳ አፍ አልራቀችም፤ ቀይዋ ዶሮ እዚያ ትጥል ነበርና። ሰዓዳ «የዶሮዋን እንቁላል ልይ፣ እንዳይጠፋ» እያለች ከቤት ወጣች። ወደ ቀዳዳው ስትሄድ አየኋት። ጎንበስ ስትል አየኋት። ጥቁሩ አንገት ሲሰፋም አየሁ። «ተይ!» የምትል አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ግን አንድ ሐሳብ መጥቶ አፌን ያዘው። ትተፋ ይሆን? አልኩ። ይኸው ነው። ከዚህ የተለየ ሰበብ የለኝም፤ ስንት ጊዜ ፈልጌ አጣሁ።

ተፋች። ሁለት ቀጭን ጨረር፣ ወተት ከጡት ሲረጭ እንደሚታየው። ሰዓዳ «ኡ! ዓይኔን!» ብላ ወደ ኋላ ወደቀች። ምን እንደነካት አላየችም፤ ዓይኗ ጨለማው ቀዳዳ ውስጥ ነበር፣ እባቧም ወዲያው ገባች። እናቴ ሮጣ መጣች፤ አቧራ ወይ ነፍሳት ነው ብላ በኩባያ ውሃ አባብሳላት ወደ ቤት አስገባቻት። በብዙ ውሃ የሚለውን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰዓዳ ውስጥ ትጮሃለች፣ እኔ ደጅ ላይ ክፍቱን መስመር ሞላሁት። ያ ረቢ፣ ልጅ ነበርኩ ልበል? ልጅስ ይህን ያደርጋል?

በነጋታው ሁለቱም ዓይኖቿ አብጠው ተዘግተው ነበር። ቤቱ በሴት ሞላ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ድንገት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው አንድ ነው፤ ትናንት ማን አያት፣ ማን አመሰገናት? ያመሰገነ ሰው ማሻአላህ ካላለ ዓይኑ ይጎዳል ይባላል። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ዘሃራ፣ አብረሻት የዋልሽ አንቺ ነሽ።» የካቡን ነገር ያወቁብኝ መሰለኝ። ከዚያ ፍርሃት የሚያወጣኝን ሁሉ እይዝ ነበር፤ የያዝኩትም እትዬ መዲናን ሆነ። «እትዬ መዲና ‘ወይ ዓይን!’ ብላታለች» አልኩ። «ማሻአላህ ብላለች?» አለችኝ እናቴ። ያ ሁሉ ሰው አፍ አፌን ያያል።

«አላለችም» አልኩ።

ሸክላ ሠሪ ዓይኑ ሰው ይበላል የሚል ክፉ ሐሜት አገሩ ውስጥ ድሮም ነበር፤ ማንም ፊት ለፊት አይናገረውም እንጂ። የእኔ አንዲት ቃል ያን ሐሜት እውነት አደረገችው። ሦስት ቀን ሙሉ ቁርአን ተቀራላት፣ የተቀራበት ውሃ ተረጨ፣ ቅጠል ተጨምቆ ዓይኗ ውስጥ ገባ። በአራተኛው ቀን አባቴ ደሴ ወሰዳት። ሐኪሙ መርዝ ነው፣ በመጀመሪያው ሰዓት በደንብ ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ይተርፉ ነበር አለው። አባቴም «የሰው ዓይን ነው ዶክተር፣ እናንተ አታውቁትም» ብሎ መለሰለት። ቀኙ ተረፈ። የግራው ብሌን ላይ ነጭ ጠባሳ ተተከለ። ምርመራውን አላለፈችም፤ ጅዳም ቀረ። ደብተሩን ጠፋብኝ ብዬ ለመምህሬ አልሰጠሁም፣ ዜሮዬን ተቀበልኩ። እባቧንም ከሁለት ወር በኋላ አስፋልቱ ላይ መኪና ጨፍልቋት አገኟት። ማንም ከሰዓዳ ዓይን ጋር አላገናኛትም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እንዲህ ያለው ሰው የእኔን ዝምታ አላየም። በየዓመቱ ሸተተ። የሰፈሩ ሰው ከእትዬ መዲና ድስት መግዛት አቆመ፤ ማሰሮዋን አዝላ ማንም የማያውቃት ሩቅ ገበያ እየሄደች ትሸጥ ጀመር። እናቶች ስታልፍ የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍናሉ። ከሁሉ የባሰው ግን እሷ ራሷ መሸፈኗ ነው። ሕፃን ያዘለች ሴት ከሩቅ ካየች ሻርፗን ዓይኗ ላይ ትጥልና «እለፊ እህቴ፣ አላየሁም» ትላለች። ያቺ ሳቂታ ሴት መሬት መሬት እያየች መሄድ ለመደች።

ጦርነቱ ሲመጣ የሚሸሸው ሁሉ እየተጠራራ ሲወጣ እሷን የጠራ የለም። እኔም አልጠራኋትም። ስንመለስ ቤታችን ተዘርፎ በሩ እንኳ አልነበረም፤ እሷ ግን ዶማ ይዛ መጣችና ጋኑን አወጣችልን። እናቴ አልቅሳ ሳመቻት፤ ከዚያ ወዲህ ቡና ባይጠጡም ሰላምታ አላቸው። እኔ ደብተሬን ስቀበል እትዬ መዲና ፊቴን አላየችም። «የትምህርትሽ ነው መሰለኝ፣ በደንብ ጠቅልዬዋለሁ» አለችኝ። በራሷ ላይ የተፈረደውን ፍርድ የሚሽር ወረቀት በሸክላ ጋን ከጥይት አድና እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔም አመሰግናለሁ ብዬ ተቀበልኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የሰዓዳን መንገድ እኔ ሄድኩት፤ ወደ ሪያድ። አፉ ለማባባል ስዞር እትዬ መዲና በር ላይ ቆምኩ። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት፣ ወላሂ። ግን «አፉ በይኝ» ከማለቴ «አፉ ብያለሁ፣ አፉ ብያለሁ፣ አላህ በሰላም ይመልስሽ» አለችኝ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፣ ወጉ አይደለማ። እኔም ያንን አፉታ እንደ ሌባ ይዤው ሄድኩ። የሰው ቤት ወለል ስወለውል ሁለት ዓመት ሙሉ ተሸከምኩት።

ባለፈው ወር ተመልሼ መጣሁ። ሰዓዳ አግብታ ሐያት የምትባል የሰባት ወር ልጅ አላት፤ ዓይኗ የእናቷ ነው፣ ትልልቅ። ሰዓዳ በአንድ ዓይኗ እያየች ልጅቷን ስታጥባት ተቀምጬ አየሁና ሁሉንም ነገርኳት። ካቡን፣ ክፍቱን መስመር፣ «አላለችም» ያልኩትን፣ ሁሉንም። ደብተሩንም ፊቷ ከፈትኩት። ሰዓዳ አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷን አድርቃ አለበሰቻት፣ ቅባት ቀባቻት፣ ከዚያ አንስታ እቅፌ ውስጥ አስቀመጠቻት።

«አፉ በይኝ ሰዓዳ» አልኳት።

«የእኔ ይቆይሽ። መጀመሪያ እሷ ዘንድ ሂጂ፤ ልጄን ይዘሽ ሂጂ» አለችኝ።

እትዬ መዲና እንደ ድሮው ጭቃ ላይ ነበረች። ሕፃን መያዜን ስታይ ሻርፗን ጎተተችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጀርባዋን እያየሁ ነገርኳት። ጨርሼ ስበቃ እጇ ጭቃው ላይ ቆመ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እውነቴን ነው፣ ስድቧን ተመኘሁት። እሷ ግን ሳትዞር በቀስታ ጠየቀችኝ።

«ብዬ ነበር?»

«ብለሽ ነበር እትዬ። ሁለት ጊዜ ማሻአላህ ብለሻል።»

«እኔኮ... እኔኮ የረሳሁ መስሎኝ» አለች። «ሶላት ላይ ቆሜ ሳይቀር አስበዋለሁ። ብያለሁ ወይስ አላልኩም? ያ ሁሉ ሰው አላለችም ሲል፣ ምላሴን ማመን ተውኩ። እንዲያው ዓይኔ ይሆናል፣ የሰዓዳን ዓይን ያጠፋሁት እኔው ነኝ ብዬ ይኸው ስንት ዓመት የሰው ልጅ ፊት አላየሁም።»

ይህን አላውቅም ነበር። ሰው ያማት፣ ገበያ ያጣች ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ውሸት እሷ ውስጥ ገብቶ እውነት ሆኖ መኖሩን አላሰብኩትም። አለቀስኩ፤ እሷ ግን አላባበለችኝም፣ ልክ ናት። አፉም አላለችኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም፤ የቀድሞውን አፉታ በወግ አሳብቤ ወስጄባት የለ?

ተነስታ እጇን በማሰሮ ውሃ ታጠበች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ጭቃው ከጥፍሯ ስር እስኪወጣ። በቀሚሷ አደረቀች። ሻርፗን ከግንባሯ ገፋ አድርጋ ወደ እኛ መጣች፣ የሐያትን ፊት ከሸፈነው ጨርቅ ጫፉን ያዘችና እኔን አየችኝ፤ ልክ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው። ገለጠችው። ልጅቷ በትልልቅ ዓይኖቿ ትክ ብላ አየቻት፤ ከዚያ አፍንጫዋን ልትይዝ እጇን ሰደደች።

ያኔ ስዋሽ ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር፤ ሁሉም እኔን የሚሰማ፣ ለውጥ መጣ ብሎ ጮቤ የረገጠ አገር። ዛሬ በአንዲት ጠባብ የሸክላ ቤት ውስጥ ሦስት ሴቶች ብቻ ነን፣ አንዷም ገና ጥርስ ያላወጣች። ቃሉን ሰምቶ የሚመሰክር ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

«ማሻአላህ» አለች እትዬ መዲና፣ ጮክ ብላ። ዓይኗን ከሕፃኗ ላይ አልነቀለችም። «ማሻአላህ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» አልኳት።